«አይዞዎት፣ አልኮል ነው!»

እኔ የምለው... ጢማችንን ተላጭተን ስንጨርስ ፊታችን ላይ የሚደረገው ነገር ትክክለኛ ስሙ ምንድን ነው? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ኮሎኝ» ነበር የሚለው። ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ደግሞ ጠርሙሱ ምንም ይሁን ምን «ሽቶ» ይሉታል። እኔና እኩዮቼ «አልኮል» ብለን አደግን። ልጄ «አፍተር ሼቭ» ነው የሚለው፤ ይባስ ብሎ ክሬም መሳዩን ለይቶ «እሱ እኮ ባልም ነው» እያለ ያርመኛል።

ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ኮሎኝ የከተማ ስም ነው። ከ300 ዓመት በፊት ገደማ ዮሃን ማሪያ ፋሪና የተባለ ጣሊያናዊ ሽቶ ቀማሚ የሠራውን ሽቶ መኖሪያው ባደረጋት የጀርመን ከተማ ስም ጠራውና ስሙ እኛም ቤት ደረሰ። «አፍተር ሼቭ» ደግሞ «ከመላጨት በኋላ» ማለት ነው፤ መቼ እንደሚቀባ እንጂ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ከሁሉም ልብ የሚያሳርፈው ግን «አልኮል» ነው። የሐኪም ቤት ሽታ አለው። ካቃጠለ ደግሞ አበቃ፣ መድኃኒት ነው!

ይህ ስም ነው ጉድ የሠራኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ሠርግ ስቸኩል ወደማላውቀው ፀጉር ቤት ገባሁ። ልጁ ምላጩን ከወረቀቱ ሲያወጣ አላየሁም፤ መያዣው ላይ እንደተሰካ አነሳው። በኤች.አይ.ቪ. ፍርሃት ዘመን ምላጫችንን በኪሳችን ይዘን የምንሄድ ሰዎች ነበርን እኮ! «ቀይርልኝ» ልል ፈለግሁ። ግን ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ልጁም ትሁት ነው... ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። አገጬ ሥር ቆረጠኝ። ወዲያው ጥጥ ነክሮ ለጠፈብኝና «አይዞዎት ጋሼ፣ አልኮል ነው!» አለኝ። ተቃጠልኩ፤ ደስም አለኝ። እንዲያውም ጉርሻ ጨምሬ ወጣሁ።

ማታ ሠርጉ ላይ ነርስ የሆነችው እህቴ ፕላስተሬን አይታ ጠየቀችኝ። እየሳቅሁ ነገርኳት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ምላጩ ቆዳህን ከቆረጠ በኋላ አልኮል ቢፈስበት ምን ዋጋ አለው? የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እኮ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ደሙ በዓይን ባይታይም እንኳ!» አለችኝ።

በማግስቱ ይዛኝ ሄደች። ተመረመርኩ፣ ክትባቱን ጀመርኩ፤ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ተወጋሁ። ያ 6 ወር ግን አይጣል ነው! ትንሽ ድካም በተሰማኝ ቁጥር መስታወት ፊት ቆሜ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ አያለሁ። ለባለቤቴ ነገሩን እስክነግራት ድረስ ደግሞ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። መጨረሻ ላይ ነጻ መሆኔ ተነገረኝ፤ ተመስገን ነው።

ሳስበው ከስሞቹ ሁሉ ሐቀኛው የልጄ ሆኖ አገኘሁት። «ከመላጨት በኋላ» ነው የሚለው፤ ከሆነ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። የሆነውን አይመልስም። የቆረጠኝን ልጅም አልወቅሰውም። እሱ ያጽናናኝ በሚያውቀው ቃል ነው፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወንበሩ ላይ ከመቀመጤ በፊት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ አዲሱን ምላጭ ዓይኔ እያየ ከወረቀቱ አውጥቶ፣ ላጭቶኝ ሲጨርስ «ጋሼ፣ ምን ላድርግልዎት? ኮሎኝ፣ አልኮል፣ አፍተር ሼቭ?» አለኝ።

«የፈለግከውን በለው ልጄ፤ እኔ ምላጩን አይቻለሁ» አልኩት።