የባለቤቴ ድርሻ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ኪታብ ይዞ የሚያስተምር ሰው እጁ በዘይት ጠቁሮ ሲታይ ብዙዎች ይገረማሉ። «ኡስታዝ፣ የሞተ መኪና ያስነሣሉ አሉ፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። ሙታንን የሚያስነሣው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው፤ እኔ የዛገ ብሎን ነው የፈታሁት። ጥያቄው ግን ተደጋገመ። ከመኪናዋ ጋር ተያይዞ የመጣው ጉዳይ ደግሞ በብዙ ቤቶቻችን ያለ ነው። ስለዚህ ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

መኪናዋ ቮልስ ናት፤ የ1968 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር። አማቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በጨርቅ ንግድ ላይ በነበሩበት ዘመን ገዝተው ለረጅም ዓመታት ነድተዋታል። ዓይናቸው ሲደክም ግቢያቸው ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆሟት። በ2009 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሲሄዱ ከቆመች 11 ዓመት ሆኗት ነበር። ዶሮዎች የኋላ ወንበሯን ቤታቸው አድርገውት ነበር ብል አጋነነ አትበሉኝ፤ እንቁላል ለቅመንበታል።

አማቴ የተዉት ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች ልጆች ነው። አንደኛዋ ባለቤቴ ናት። ፈራኢድ የማስተምረው ትምህርት ቢሆንም ሒሳቡን እኔ አልነካሁትም፤ የወራሽ ባል ሆኖ ሚዛን መያዝ ደስ አይልም። ሥራውን የያዙት አንድ በዕድሜ የገፉ ሸይኽ ናቸው። ዕዳውና ኑዛዜው በቅድሚያ ተከፈለ። የተረፈው 32 ቦታ ተከፈለና ለእናት 4፣ ለወንዱ 14፣ ለእያንዳንዷ ሴት 7 ደረሰ። ስሌቱ ይኸው ነው፤ በሱረቱ አን-ኒሳእ ከተደነገገው አንድም አልጎደለም።

አስቸጋሪው ስሌቱ አልነበረም። «ሴት ልጅ የባሏ ናት፤ ከአባቷ ቤት ምን ትካፈላለች?» የሚለው ልማድ ነው አስቸጋሪው። ይህን ልማድ የኪታብ ሰዎች በምንባል ቤቶች ውስጥ እንኳ አይቼዋለሁ። እህቶቻቸውን በአንድ ነጠላና በአንድ ምርቃት የሚሸኙ ወንድሞች በየሰፈራችን አሉ። የንብረቱ ማነስ የሴትን ድርሻ አያስቀርም፤ ዝምታዋም ፈቃድ ተደርጎ አይቆጠርም። ብዙ እህቶች ዝም የሚሉት ወንድማቸውን እንዳያጡ ፈርተው እንደሆነ አንባቢ ሆይ ታውቀዋለህ። በዚያ ቀን ሸይኹ ሁለቱን ሴቶች ከወንድማቸው ለይተው ለብቻቸው ጠየቋቸው። ሁለቱም ድርሻችንን እንፈልጋለን አሉ። ከዚህ በኋላ ቤቱና ሱቁ ተገምተው ሲከፋፈሉ የባለቤቴ ድርሻ ጥቂት ጎደለ። የሚሞላበት ነገር ሲፈለግ ወንድሟ ቮልሷን አሳየ። ዋጋዋንም ራሱ ገመተ፤ የአንድ በሬ ዋጋ አይሞላም። ሁሉም ተስማሙ፣ ተጻፈ፣ ምስክሮች ፈረሙ። መኪናዋ የባለቤቴ ሆነች። የኔ አይደለችም። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው ሰፈሩ ሁሉ «የኡስታዝ ቮልስ» እያለ ስለሚጠራት ነው።

ባለቤቴ በባልትና ንግድ የምትተዳደር ሴት ናት። ብሎን ከመንካታችን በፊት ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ የመለዋወጫውና የብየዳው ወጪ ከእሷ ገንዘብ፣ ጉልበቱ ከኔ ስጦታ። በደብተር ጻፍነው። «ባልና ሚስት ምን ይጻጻፋሉ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ባልና ሚስት የሚካሰሱት ግን ሳይጻጻፉ የቀሩበት ነገር ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ቮልሷ። የዚህች መኪና መነሻ የናዚ ዘመን ጀርመን ነው፤ በብዛት መሠራት የጀመረችው ግን ከጦርነቱ በኋላ ነው። የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ እስክትቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ወጥታለች። መካኒክ ላልሆነ ሰው የምትመቸው ቀላል ስለሆነች ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ውኃም ራዲያተርም የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው። ገመዶቹንና የነዳጅ ጎማውን ነቅለህ፣ አራቱን ፈትተህ፣ በክሪክ ወደ ታች ታወርደዋለህ። ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ከመድረሳው ጎረምሶች አራቱን ጠራሁ፤ ለጀነት ምንዳ ብለው ሳይሆን ለሳምቡሳ ብለው መጡ።

ያስተማሩኝ ሶማሌ ተራ አካባቢ ዕድሜያቸውን በቮልስ ላይ የጨረሱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ የረመዳን ወር ሲሆን ፊቴ ላይ ውኃ እንኳ አይጠጡም ነበር። የመጀመሪያ ትምህርታቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከመፍታትህ በፊት ጻፍ።» የ12 ዓመት ልጄ ጸሐፊ ሆነች። የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎች ሰብስባ በያንዳንዱ ላይ ቁጥር ለጠፈች። ከየት የተፈታ ብሎን፣ ስንት ዳዶ፣ የትኛው ገመድ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በደብተሯ ሰፈረ። ሲሊንደሮቹ የሚያቀጣጥሉበት ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 መሆኑን ከኔ ቀድማ የያዘችው እሷ ናት፤ እስከ ዛሬ ታናሽ ወንድሟን በዚያ ተራ እያስቆጠረች ታበሳጨዋለች።

ሥራው ቅዳሜና እሑድ ከዐስር እስከ መግሪብ ነበር። ሁሉንም ብተርክላችሁ መጽሔቱ አይበቃም። ካርቡራተሩን በነጭ ጋዝ አጠብነው፤ የነዳጅ ጎማዎቹን አንድ ሳናስቀር ቀየርን። ሽማግሌው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። በቮልስ ላይ ያረጀ ጎማ ነዳጁን በሚግል ሞተር ላይ ያንጠባጥባል፤ የሞተሩ አካል ደግሞ ማግኒዥየም ያለበት ብረት በመሆኑ እሳት አንዴ ከያዘው በቀላሉ አይጠፋም። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ ወንድሞች፣ ቀለሙን ከማሰባችሁ በፊት ጎማውን እዩ።

የእጅ ነገርም ነበር። አንዳንድ ወጣቶች «ኡስታዝ፣ በዚህ እጅ ውዱእ ይሆናል?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ውኃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ የሚከለክል አካል ያለው ነገር፣ እንደ ደረቀ ቀለምና እንደ ወፍራም ግራሶ ያለው፣ መነሣት አለበት። አካል የሌለው የጥቁረት አሻራ ብቻ ከቀረ ግን አይጎዳም። እኔ በኦሞና በሰጋቱራ ነበር የማሸው። በዚህ ምክንያት መግሪብ ሊቃረብ ሲል ሩብ ሰዓት አስቀድሜ ሥራ አቆም ነበር።

ከባዱ ሥራ ወለሉ ነው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ይቀመጣል፤ አሲዱ በዓመታት እየተንጠባጠበ ሥሩን ያለውን ላሜራ ይበላዋል። የኛዋን ምንጣፍ ስናነሣ መሬቱ ታየን። በበሮቹ ሥር ሙቅ አየር የሚያልፍባቸው ረጃጅም ሣጥኖችም ከውስጥ ዝገዋል። አንድ ባትላሜራ ሠሪ መጥቶ አየና «ቀጭን ላሜራ ጣል አድርገን፣ ላዩን በስቱኮና በካትራሜ እንሸፍነዋለን። ከሥር ማን ያየዋል?» አለ። የጠየቀው ዋጋ ትክክለኛው ብየዳ ከሚጠይቀው ሩብ አይሆንም። ገንዘቡ የኔ ስላልነበረ መልሱም የኔ አልነበረም። ባለቤቴ በርበሬ እየቀነጠሰች ትሰማ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ላይ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ሐዲስ ታውቀዋለች፤ ከኔ አይደለም፣ ከአባቷ ነው የሰማችው። «እርጥቡን ከላይ አድርጉት» አለችው። ሰውየው አልገባውም። እኔ ገባኝ፤ የበሰበሰው ተቆርጦ ወጣ፣ አዲስ ላሜራ ተበየደ፣ ብየዳው እንዲታይ በግልጽ ተተወ። ለዚህ ገንዘብ እስክታጠራቅም ሰባት ወር ቆመን ጠበቅን።

በ2014 ዓ.ም. መኪናዋ ተነሣች። ድምፅዋን የሚያውቁ ጎረቤት እናቶች «ሐጂ መጡ» ብለው በር ከፈቱ፤ አማቴ እንደ ገና የመጡ መሰላቸው። አማቴ ሚስት፣ የባለቤቴ እናት፣ ወንበሩን እየዳሰሱ አለቀሱ።

በዚያው ሳምንት የባለቤቴ ወንድም መጣ። ዞሮ ዞሮ አያትና «ይቺ የአባታችን መኪና ናት። ያኔ ዋጋዋ ዝቅ ተደርጎ ነው የተገመተው፤ እንደገና መታየት አለበት» አለ። ውድ አንባቢ፣ ገማቹ እሱ ራሱ ነበር። ደሜ ፈላ። ይሁንና በገዛ ንብረቷ ላይ ሰው ሲናገራት ባሏ ቀድሞ አፉን የሚከፍት ከሆነ፣ ንብረቱ የማን እንደሆነ ይጠፋል፤ ዝም አልኩ። እሷ ሁለት ደብተር አወጣች፤ አንደኛው የክፍፍሉ ውል፣ ሁለተኛው የወጪው። «ያኔ ስናካፍል የዛገች ነበረች፤ የዛገውን ወስጃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ከበርበሬ ነው» አለችው። ሸይኹም ሲጠየቁ በፈቃድ የተዘጋ ክፍፍል በኋላ በወጣ ወጪና ጉልበት ምክንያት እንደማይከፈት ነገሩት። ለጥቂት ወራት አኮረፈ። ከዚያ ኢድ አል-ፊጥር መጣ። ቁልፉን ላከችለትና እናታቸውን ይዞ ዘመድ ሲጠይቅ ዋለ። ሲመልሳት ነዳጅ ሞልቶ ነበር። ስለ ግምቱ ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ሲከለከል ደግሞ ፈላጊዎች በዙ። አንድ ነጋዴ ጥሩ ዋጋ ይዞ መጣ። ባለቤቴ ምንጣፉን አንሥታ ብየዳውን አሳየችው፤ የግራው ፓራፋንጎ ከሌላ መኪና የመጣ መሆኑንም ነገረችው። «ይህን ባይነግሩኝ አላየውም ነበር» አለና ዋጋውን ቀነሰ። «እንግዲያውስ አይሸጥም» አለች፤ በቀነሰው ተናዳ አይመስለኝም፣ ቀድሞም ልቧ አልፈቀደም ነበር። በሚቀጥለው ወር መንጃ ፈቃድ ትምህርት ጀመረች። ባሎች ሆይ፣ ሚስት መንዳት ስትማር ከጎን መቀመጥ የትዕግሥት ፈተና ነው፤ ለእሷ ደግሞ የባሰ ፈተና እኔ ነበርኩ።

በቮልስ ላይ ነጂው ከሁሉም በላይ ሊያውቃት የሚገባ አንዲት ቀይ መብራት አለች። በአንዳንድ መኪና የዲናሞ መብራት ቢበራ እስከ ቤት ይነዳ ይሆናል። በቮልስ ግን ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የማቀዝቀዣውን ማራገቢያም ያዞራል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ነፋሱ ይቆማል፣ ሞተሩም ይቃጠላል። ባለፈው ወር ወደ እናቷ ስንሄድ ቀይዋ በራች። እኔ ቃል ሳልተነፍስ ባለቤቴ ዳር ይዛ ሞተሩን አጠፋች። የኋላ ኮፈኑን ስንከፍት ቺንጋው ተበጥሶ ወድቋል። መለዋወጫው ከፊት ነበር። እሷ ካቻቢቴውን በዲናሞው መዘውር ጥርስ ላይ ደግፋ ያዘችልኝ፤ እኔ በ21 ቁልፍ ዳዶውን ፈታሁ፤ አዲሱን አስገባን፤ ቀለበቶቹን ልጃችን በደብተሯ ካሰፈረችው ቁጥር ጋር አስተያይተን መለስን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እጃችንን መንገድ ዳር ካለ ሱቅ በገዛነው ኦሞ ታጠብንና ዐስርን እናቷ ቤት ደርሰን ሰገድን።