ርቀት ነው ጨለማ?

ቡናው እስኪፈላ ስለ ካሜራ እንጫወት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ደውሎ «ምን ይዤልህ ልምጣ?» ሲል፣ ፎቶ ማንሳት የለከፈው ሰው ዓይኑን ሳያሽ «ካሜራ!» ይላል። ዘመድየውም ዱባይ ወይም ቨርጂኒያ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሁለት ካሜራ ፎቶ ይልካል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ጎላ ያለ እጀታ አላቸው፣ ዋጋቸውም እምብዛም አይራራቅም። «አንዱ ሌንሱ ይፈታል። ሌላው አይፈታም፤ ግን 83 ጊዜ ያቀርባል ይላል። የቱን ልያዝ? ቶሎ በለኝ፣ ሱቁ ሊዘጋ ነው!»

ሌንሱ የሚፈታው ዲኤስኤልአር ነው፣ ለጀማሪ የሚሸጠው ዓይነት። የማይፈታው ሱፐርዙም ወይም ብሪጅ ካሜራ ይባላል። ሒሳብ የሚወድ ሰው 83ቱን ያይና ወደዚያ ያዘነብላል፤ ሌላኛው ከሳጥኑ ሲወጣ የሚያቀርበው 3 ጊዜ ያህል ብቻ ነዋ። ክብር የሚወደው ደግሞ ሠርግ ላይ የፎቶ አንሺዎቹ አንገት ላይ ያየውን ያዝዛል። በዕድል ሁለቱም ሊሳካላቸው ይችላል። እኔ ግን ብጠየቅ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እስከ ዛሬ በስልክህ ስታነሳ ፎቶ ሲያበላሽብህ የኖረው ርቀት ነው ወይስ ጨለማ?

ስም ጠርተን እንነጋገር። ከዲኤስኤልአሮቹ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ካኖን 2000ዲ እንውሰድ፤ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሄድ ሌንስ አብሮት ይሸጣል። ከብሪጆቹ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ኒኮን ፒ900 እንያዝ፤ 16 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፣ ዙሙ ግን በድሮው የፊልም ካሜራ ልክ ከ24 እስከ 2000 ሚሊሜትር ይደርሳል። ታናሽ ወንድሙ ፒ1000 ጭራሽ 3000 ደርሷል፤ ክብደቱም 1.4 ኪሎ ነው፣ አንገትዎ ይወቀው።

ምስጢሩ ያለው ከሌንሱ ኋላ ነው። ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሴንሰር ካኖኑ ላይ 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው። ኒኮኑ ላይ ያለው ከትንሿ ጣትዎ ጥፍር አይበልጥም። ስፋታቸው ቢሰላ የካኖኑ የኒኮኑን 12 እጥፍ ያህል ይሆናል። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ ሳፋና ስኒ ቢያስቀምጡ ዝናቡ ለሁለቱም እኩል ነው፣ የሚጠራቀመው ውሃ ግን አይገናኝም። ብርሃንም እንደዚያ ነው። ቀትር ላይ ስኒዋም ቶሎ ትሞላለችና ልዩነቱን ልብ አይሉትም። ሲመሽ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ታዲያ ኒኮኖች ምን ነክቷቸው ሴንሰሩን አሳነሱት? ዙሙ ራሱ ከዚያው ስለሚመጣ ነው። 2000 የሚባለው ሌንስ እውነተኛ የትኩረት ርዝመቱ 357 ሚሊሜትር ነው። ሴንሰሩ ትንሽ በመሆኑ ሌንሱ ከሚፈጥረው ምስል መሐል መሐሉን ብቻ ይወስዳል፣ ያም ተጎልቶ ይታያል። ካኖኑ ላይ ያንኑ ለማየት 1250 ሚሊሜትር ሌንስ ያስፈልግዎታል። እንዲያ ያለውን ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ፋብሪካው አላጭበረበረም፤ ብርሃን ሰጥቶ ርቀት ገዛ።

«እኔ 24 ሜጋፒክስል አለኝ፣ አንስቼ በኋላ እቆርጠዋለሁ» የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው። ለካኖኑ ተጨማሪ 250 ሚሊሜትር ሌንስ ገዙ እንበል። በፊልም ልክ 400 ማለት ነው። ከዚያ ተነስተው 2000 የሚያሳየውን ያህል ለማጉላት ወርዱንም ቁመቱንም በ5 ማካፈል አለብዎ። ከምስሉ 25ኛው እጅ ብቻ ይተርፋል፤ ያ 24 ሚሊዮን ነጥብ አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ለስልክ መልእክት ይበቃ ይሆናል፣ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ግን አይሆንም።

እንግዲህ ርቀት ነው ያስቸገረኝ ወዳሉት ልምጣ። አገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ ያለባት ናት፤ ወፍ የሚወድ ሰው እዚህ ተወልዶ አያፍርም። ሁሉም እንስሳ ግን ዙም አይፈልግም። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሰውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር አጠገብዎ ሣሩን ይነጫል፤ በስልክም ይነሳል። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው ላይ ያሉት አባ ኮዳዎች ጭራሽ ሌንሱን እንዳይነክሱት ነው የሚያሰጋው። ያው ስሜን ላይ ገደል ለገደል የሚሄደው ዋልያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አብያታ ላይ ፍላሚንጎዎቹ ውሃው መሐል ናቸው፣ ዳርቻው ጭቃ ነው። ባሌ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮው አይጥ ፍለጋ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ይጠብቁኝ አይልም። እዚህ ላይ ባለ 55 ሚሊሜትሩ ይዞ የሚመለሰው ሜዳውን ነው፤ «ያቺ ቀይ ነጥብ ቀበሮ ናት» እያሉ ለእንግዳ ያስረዱበታል።

ፒ900 ይህን ሁሉ አጠገብዎ ያመጣዋል። ጨረቃን ሲያነሱበትማ የፍሬሙን ሁለት ሦስተኛ ቁመት ትይዛለች፤ በፒ1000 ከነጭርሱ ጠርዟ ይቆረጣል። ጁፒተርን የሚዞሩትን አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎች ከሰገነትዎ ላይ ሆነው ማየት ይችላሉ። ሻጮች የሚያሳዩት ይህንን ነው፣ እውነትም ነው።

የማይነግሩዎት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው አየሩ ነው። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ በእርስዎና በወፏ መካከል ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ ያ ሁሉ ዙም የሚያጎላው መንቀጥቀጡንም ጭምር ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከረፋድ በኋላ በ2000 የተነሳ ፎቶ ሁልጊዜ የደበዘዘ የሚመስለው ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። በሌሊት ይነሱ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ሁለተኛው በራሪ ወፍ ነው። በዲኤስኤልአር ዓይንዎን ሲያስጠጉ የሚያዩት ብርሃኑን ራሱን ነው፤ በሌንሱ ገብቶ መስታወት ላይ ነጥሮ ይደርስዎታል። በብሪጅ የሚያዩት ትንሽዬ ስክሪን ነው፣ ጥቂት ይዘገያል። በዚያ ላይ በ2000 የሚታየው ሰማይ በጣም ጠባብ ስለሆነ ጭልፊቱ አንዴ ካመለጠዎ ያለው ሰማያዊ ብቻ ነው። ኒኮኖች ይህን ስለሚያውቁ ጎኑ ላይ ዙሙን ለአፍታ መለስ የሚያደርግ ቁልፍ አስቀምጠዋል። ያም ሆኖ ብሪጅ የተቀመጠ ወፍ ካሜራ ነው።

አሁን ወደ ጨለማው። አብዛኛው አንባቢ የሚመደበው እዚህ ይመስለኛል፤ እኛ ፎቶ የምናነሳው መቼ ነው? ክርስትና ላይ፣ ሳሎን ውስጥ፣ አንዲት አምፖል ሥር። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እስክስታ ሲወርድ። ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ በከተራ ሌሊት፣ በጧፍ ብርሃን። ፒ900 ዙሙ ሙሉ ሲወጣ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 6.5 ነው፤ ይህ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን መግቢያው ይጠባል። ትንሿ ሴንሰር የምታገኘው ብርሃን ስለሚያንሳት አይኤስኦ የሚባለው ብርሃኑን የማጉያ ልክ ይወጣል፣ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይበተናል። ካሜራው ነጠብጣቡን ሊያጠፋ ይሞክርና የእናትዎን ቅንድብና የቀሚሳቸውን ጥበብ ክር አብሮ ያጠፋዋል። ምስል ማረጋጊያው ጥሩ ነው ይሉዎታል፣ ጥሩ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተው የግድግዳውን ሥዕል ያለ ፍላሽ ለማንሳት ይረዳል፤ ግድግዳ አይንቀሳቀስማ። ማረጋጊያ የሚያረጋጋው የእርስዎን እጅ እንጂ የሙሽራውን ትከሻ አይደለም።

ግን ዲኤስኤልአር ስለያዙ ብቻ ጨለማውን አሸነፉ ማለት አይደለም። አብሮት የሚሸጠው ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ነው፤ እሱም ደህና አድርጎ ጨለማ ነው። ጨዋታው የሚለወጠው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የምትባለው ሌንስ ስትመጣ ነው። የካኖኗ አዲሷ 160 ግራም ናት፣ ዙም የላትም፣ ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ናት። የምታስገባው ብርሃን ግን ከዚያኛው ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ሌንስ ይፈታል የሚባለው ጥቅም ለብዙ ቤተሰብ ይህች አንዷ ሌንስ ናት። ለፊት ለፊት የሰው ፎቶ፣ ኋላው ደብዘዝ ብሎ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ከሷ የሚሻል በዚህ ዋጋ አላውቅም።

አስቂኙ ነገር፣ ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ ገዝቶ አንድ ቀን እንኳ ያልፈታው ሰው ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ብሪጁ ይሻለው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አዲስ ስልክ ራሱ ይሻለው ነበር። ስለዚህ ለዘመድዎ ሲመልሱ «ካኖኑን» ብቻ አይበሉ፤ «ካኖኑንና 50ውን» ይበሉ። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ካሜራውን ያገለገለ ይግዙና 50ውን ይጨምሩበት።

ስለ 50ው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዙም ስለሌላት ሰውን ለማንሳት መጠጋት አለብዎ፤ መጠጋት ማለት ጤና ይስጥልኝ ማለት፣ ማስፈቀድ ማለት ነው። ባለ 2000ው ግን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ገበያ ላይ የተቀመጡ እናትን ሳያውቁ ፊታቸውን ይወስዳል። ለወፍ የተሠራ ነገር ለሰው ሲውል ደስ አይለኝም። ከተማ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ርዝመት ወደ መንግሥት ሕንፃ ወይም ወደ ጦር ካምፕ አቅጣጫ ቀና ካለ ዘበኛው ሊያነጋግርዎት ይመጣል፣ ወፍ እያነሳሁ ነው ቢሉት ማስረጃ ይጠይቃል።

የርቀቱና የጨለማው አስታራቂ የለም ወይ ላሉ፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ፓናሶኒክ ኤፍዜድ1000 ብሪጅ ነው፣ ሴንሰሩ ግን የፒ900ን አራት እጥፍ ነው፤ ዙሙ 400 ላይ ቆሞ መግቢያው ከኤፍ 2.8 እስከ 4 ነው። ለቀበሮም ለክርስትናም ለመሆን የሚሞክር ካሜራ ነው፤ ያገለገለውን በደህና ዋጋ ካገኙ ለአንድ ቤት አንድ ካሜራ ብባል እኔ እሱን አነሳለሁ። ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 ከዚህም ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ስለሚበልጥ ዘመድዎን አያስቀይሙ።

ለገጠር መንገድ ባትሪንም ያስቡበት። ኒኮን ዲ3500 የሚባለው ዲኤስኤልአር በፋብሪካው ልኬት በአንድ ሙሌት 1550 ፎቶ ያነሳል፤ ፒ900 360 ብቻ። መብራት በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ቦታ ከሄዱ ይህ ቁጥር ከሜጋፒክስሉ ይበልጥብዎታል። እንደ ኒኮን ኤል840 ያሉ ብሪጆች ደግሞ በአራት ተራ የባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፣ ድንጋዩም ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል።

ካኖንም ኒኮንም አሁን ጉልበታቸውን መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ላይ ስላዋሉ፣ ዲኤስኤልአር የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው ያገለገለ ነው። ሲገዙ የካኖኑ ሌንስ ላይ «አይኤስ» የሚል ፊደል ይፈልጉ፤ ማረጋጊያ የሌለው ርካሽ 18-55 አብሮ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። የኒኮን ዲ3000ና ዲ5000 ተከታታዮች ፎከስ የሚያደርግ ሞተር ውስጣቸው የለም፤ አሮጌ 50 ከገዙላቸው በእጅዎ እያዞሩ ነው የሚኖሩት። ሌንሱን ወደ መብራት ይዘው ውስጡን ይዩ፣ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል። ብሪጅ ከሆነ ዙሙን ጥግ ድረስ አውጥተው ይመልሱት፣ ድምፁን ይስሙ፤ ወጣ ገባ ሲል አቧራ የሳበ ሌንስ ተፈትቶ አይጸዳምና። ደግሞ የራስዎን ሚሞሪ ካርድ ይዘው ይሂዱ። ከሱቁ ጨለማ ጥግ የሻጩን ፊት፣ ከበሩ ላይ ሆነው ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሩቁን ማስታወቂያ ያንሱ፤ ካርዱን ነቅለው «ነገ እመለሳለሁ» ይበሉና ማታ ቤትዎ በትልቁ ስክሪን ይዩት። ስኒዎን ያቀብሉኝ፣ ሁለተኛው ደርሷል።