ልጄ ከመሄዷ በፊት ያየኋት ሊዮን

ሊዮን ሁለት ወንዝ የሚያቋርጣት ከተማ ናት። ሮን ከአልፕስ ተራሮች ቀዝቃዛ ውሃውን ይዞ እየተቻኮለ ይወርዳል፤ ሶን ደግሞ ከሰሜን በኩል ዝግ ብሎ ይመጣና ከመሀል ከተማው ግርጌ ይቀላቀለዋል። ልጄ በመጪው መስከረም ለአንድ ሴሚስተር በልውውጥ የምትማርበት ላ ዱዋ የሚባል ሰፈር ከሮን ማዶ፣ ከሊዮን ጋር ተያይዛ በተሠራችው ቪለርባን ውስጥ ነው። ባለፈው ግንቦት መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ሊዮን ልኮኝ ስለነበር የተረፈኝን ሰዓት ሁሉ በዚያ ሰፈር ስዞር አሳለፍኩ። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበር ይቅርባችሁ፤ የልጄን ጉዳይ ላውራችሁ።

ልጄ የምትገባው በሰፈሩ ካሉት የምህንድስና ትምህርት ቤቶች አንዱ ውስጥ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ "ዩኒቨርሲቲዋን ትታ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው?" ብላ ደንግጣ ነበር። አልፈርድባትም፤ ስሙ ያሳስታል። ፈረንሳዮች አብዛኞቹን መሐንዲሶቻቸውን የሚያስተምሩት "ኤኮል" በሚሏቸው ልዩ ተቋማት ነው። የመንገድና ድልድይ መሐንዲሶች ትምህርት ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1747 የተመሠረተ ነው፤ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ደግሞ በ1794፣ በአብዮቱ ዘመን። ከስመ ጥሮቹ ወደ አንዱ ለመግባት ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ሁለት ዓመት አንገት ደፍቶ መሰናዶ መማር፣ ከዚያም የውድድር ፈተና ማለፍ የተለመደው መንገድ ነው። እናቴን "እማዬ፣ ይሄኛው ትምህርት ቤት ከዩኒቨርሲቲ ቢከብድ እንጂ አይቀልም" ብያት ተረጋጋች።

በላ ዱዋ ካሉት የምህንድስና ትምህርት ቤቶች በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 የተከፈተው ኢንሳ ነው። ከመሥራቾቹ ዋነኛው ጋስቶን በርዤ መሐንዲስ ሳይሆን ፈላስፋ ነበር፤ የተወለደውም እዚሁ አፍሪካ፣ በሴኔጋሏ ሴንት ሉዊ ከተማ ነው። የሁለት ዓመቱን መሰናዶ ከምህንድስናው ትምህርት ጋር አዋህዶ የሠራተኛ ልጆችም መሐንዲስ እንዲሆኑ በር ለመክፈት፣ መሐንዲሱም ከቁጥር ሌላ ስለ ሰው እንዲማር ለማድረግ አስቦ ነበር። ዛሬ ስሙ የትራም ማቆሚያ ሆኗል። ተማሪዎቹ በየቀኑ ስሙን እየሰሙ ይወርዳሉ፤ ስንቶቹ ማን እንደሆነ ያውቁ ይሆን?

መንገዱ ከፈራሁት በላይ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ፓሪስ ቀጥታ በረራ አለ። ቻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ራሱ የፈጣን ባቡር ጣቢያ ስላለ፣ ፓሪስ መሀል ሳይገቡ በሁለት ሰዓት ገደማ ሊዮን ፓርዲዩ ይደረሳል። (ጣቢያን እነሱ "ጋር" ይሉታል፤ የእኛ ለገሀር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።) ከፓርዲዩ ቲ1 የተባለውን ትራም ይዞ ላ ዱዋ መውረድ ነው። ዛፍ የበዛበት፣ ብስክሌት እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስበት ሰፈር ነው። በእግር የሚደረስ ቴት ዶር የሚባል ትልቅ መናፈሻም አለ፤ አጋዘንና ቀጭኔ ያለበት፣ መግቢያው በነፃ።

እዚያው የሚማር አንድ የጎንደር ልጅ በወዳጅ በኩል አግኝቼ ዶርሙን አሳየኝ። 9 ካሬ ሜትር ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን፣ አንድ መስኮት። ልጄ ቤት ውስጥ ልብሷን ብቻ የምታስቀምጥበት ቦታ ከዚያ አያንስም። ልጁ ሻይ አፍልቶ ሰጠኝና እንዲህ አለኝ፦

"እትዬ፣ የመጀመሪያ ውጤቷን ስትነግርዎት እንዳይደነግጡ።"

"ምነው?"

"11 አገኘሁ ብላ እየሳቀች ነው የምትደውልልዎት።"

እዚያ ውጤት የሚሰጠው ከ20 ነው። 10 ማለፊያ ነው። 12 ደህና፣ 14 ጥሩ፣ 16 በጣም ጥሩ ይባላል፤ 20 ግን እንደ ነሐሴ ፀሐይ ነው። እስካሁን ከኤ ያልወረደች ልጅ፣ 11 ይዛ ስትመጣ አባቷ ምን ሊል እንደሚችል አሰብኩ። ከአሁኑ እየነገርኩት ነው።

የምሰጋው ግን ስለ ውጤቱ አይደለም። የወዳጄ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ በልውውጥ ወደ ሌላ የአውሮፓ ከተማ ሄዶ ሁሉንም ኮርስ አልፎ ተመለሰ። ሲመለስ የራሱ ዲፓርትመንት ሁለቱን ኮርሶች "ከእኛ ጋር አይገጥሙም" ብሎ ሳይቆጥርለት ቀረ። ኮርሶቹ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጡ ነበሩ። ልጁ ከእኩዮቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ተመረቀ፤ እናቱ የጓደኞቹን ምርቃት እንግዳ ሆና ነው ያየችው። አውሮፓ ውስጥ የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ትምህርት 30 ክሬዲት ነው። የትኛው የእነሱ ኮርስ በየትኛው የእኛ ኮርስ ፋንታ እንደሚቆጠር፣ ከመሄድ በፊት በአንድ ወረቀት ተጽፎ ተማሪው፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ትምህርት ቤት ይፈርሙበታል። ከቪዛውም ከሻንጣውም በፊት ይህን ወረቀት ጠይቁ። የልጄ ወረቀት ላይ ስድስት ኮርስ አለ፤ አምስቱ ተስማምቷል። አንዱ፣ የሃይድሮሊክስ ኮርስ፣ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው።

የሌላው ወረቀት ጣጣ ረጅም ቢሆንም ቀስ ተብሎ የሚያልቅ ነው። ለቪዛው በወር 615 ዩሮ የሚያኖር ገንዘብ መኖሩን ማሳየት ለዓመታት ሲጠየቅ የቆየ ነገር ነው፤ ለአምስት ወር 3,075 ዩሮ ማለት ነው። የልደት የምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ ያስፈልጋል፤ እዚያ ከደረሱ በኋላም ለጤና መድን ሲመዘገቡ ይጠየቃል፤ ምዝገባው ለውጭ ተማሪ ያለ ክፍያ ነው። ቤት የሚከራይ ተማሪ ፈረንሳይ የሚኖር ዋስ አምጣ ይባላል። እኛ እዚያ ማንን እናውቃለን? ለዚህ ቪዛል የሚባል፣ ለወጣት ተከራይ በነፃ ዋስ የሚሆን አሠራር አለላቸው። የጎንደሩ ልጅ የተከራየ ጓደኛው በዚያ እንደዳነ ነገረኝ።

እናቴ በበኩሏ ከሰኔ ጀምራ ስንቅ እያዘጋጀች ነው። በርበሬው ተፈጭቷል፣ ሽሮው ተነፍቷል፣ ዳቦ ቆሎው ለመጨረሻ ሳምንት ቆይቷል። ክርክሩ የተነሳው በቅቤና በቋንጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ ዓይነት አገር የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ ከተገኘ ይወረሳል።

"ቅቤ የሌለው ሽሮ ምኑ ሽሮ ነው?" አለች።

"ጾም ላይ ናት ብለሽ አስቢያት፣ እማዬ።"

"አምስት ወር?"

መልስ አልነበረኝም። ፈረንሳይ የቅቤ አገር መሆኗን ነግሬ እዚያው አንጥራ ትሥራ ብያታለሁ፤ ኮረሪማውንና ኮሰረቱን ለብቻ ቋጥራላታለች።

ቋንቋውን በተመለከተ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ነገር ቀድሞ ያውቃል ብዬ አምናለሁ። ፈረንሳይኛ "ቱ" እና "ቩ" አለው፤ አንተና እርስዎ እንደምንለው። እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ሰው በዚህ ግራ ይጋባል፤ የእኛ ልጅ ግን ለመምህር እርስዎ እንደሚባል ማንም ሊነግራት አይገባም። ሰላምታውም እንዲሁ ነው። ዳቦ ቤት ገብቶ "ቦንዡር" ሳይሉ ዳቦ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሻጯ ፊቷን ታጠቁራለች። ይህንን የእኔ እናት ብትሰማ "ጨዋ አገር ነው" ትላለች። ግን ልጄ የምትማርባቸው አብዛኞቹ ትምህርቶች በፈረንሳይኛ ስለሆኑ ሰላምታ ብቻ አያዋጣም። ስምንት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስትማር ቆይታለች፤ አሁን ደግሞ የሂሳብና የፊዚክስ ቃላትን በፈረንሳይኛ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክሯ ሩስ የሚባለውን ኮረብታ ወጣሁ። የድሮ የሐር ሸማኔዎች ሰፈር ነው። ቤቶቹ ጣሪያቸው አራት ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ የሽመና ዕቃው ቤታቸው ውስጥ እንዲቆም ተብሎ ነው እንዲህ የተሠሩት። ዣካር የሚባል የዚያው ከተማ ሰው እ.ኤ.አ. በ1804 የሠራው መሸመኛ ጥለቱን የሚያነበው ከተበሳ ካርቶን ነው፤ ቀዳዳ ካለ ክሩ ይነሳል፣ ከሌለ ይቀራል። በኋላ ኮምፒውተር የሚሠሩ ሰዎች ሐሳቡን ወስደውታል። ቆሜ ሳየው የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቻችን ትዝ አሉኝ፤ ጥለቱን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው፣ ያለ ካርቶን።

ክረምቱ የራሱ ነገር አለው። ታኅሣሥ ላይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፤ ጠዋትም ከ2 ሰዓት በፊት ፀሐይ የለችም። እሑድ ሱቅ ባብዛኛው ዝግ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ሕዝቡ በየመስኮቱ ሻማ ያበራል፤ ከ1852 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። የእኛ ገና ሲደርስ ግን ከተማው በዓሉን ከጨረሰ ሰንብቷል፤ እሷም ለጥር ፈተና ታጠናለች። ሰዓቱ ያኔ ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደኋላ ስለሚሆን፣ እናቴ ማታ ሦስት ሰዓት ልትተኛ ስትል እዚያ ገና አንድ ሰዓት ነው። ከመተኛቷ በፊት እንድትደውልላት ቃል አስገብታታለች።

የሃይድሮሊክሱ ኮርስ ፊርማ የፊታችን ማክሰኞ ይወሰናል። የኮርሱን ዝርዝር ይዘት ከሊዮን አስመጥታ፣ ከእኛው ጋር አንድ በአንድ አስተያይታ አራት ገጽ ጽፋለች። አብሬሽ ልምጣ ወይ ብያት ነበር።

"እማዬ፣ ብቻዬን ነው የምገባው" አለችኝ። ታክሲ ተራው ድረስ ግን እሸኛታለሁ።