መንጠቆህን ሳትመርጥ መንጌ አትውረድ!

መቼም የአዲስ አበባ ልጅ ሽርሽር ሲባል የሚታየው ሶደሬና ላንጋኖ ነው። ጨከን ካለ ሐዋሳ ይወርድና ዓሣ ጥብሱን በልቶ፣ ፎቶውን ተነስቶ ይመለሳል። ይሄ ዓሣ በምን ተጠመደ? ብሎ የሚጠይቅ አራዳ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ ነው። የማጫውታችሁ ደግሞ ከመንጌ ነው።

መንጌ የት ነው ለምትሉ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ፣ ከአሶሳ ወደ ሰሜን ነው። አሶሳ ድረስ አውሮፕላን አለ፤ በመኪና ለሚሄድ ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱን ቻሉት። የማንጎው ጥላና የሽመሉ ጫካ ይክሳችኋል። አገሩ የበርታ ሕዝብ አገር ነው። ሰላምታው «አሰላሙ አለይኩም»፣ ምሳው ገንፎ በባሚያ ወጥ ነው። መንጌ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያነሳው ወርቅ ነው፤ ወንዱም ሴቱም ጠጠሩን እያጠበ ወርቅ ይፈልጋል። እኔ ግን ይዤ የሄድኩት አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ሙሉ መንጠቆ ነበር።

ወንዝ ያወረደኝ 20 ዓመት ቢሆነው ነው። በበጋ ወርቅ ያጥባል፤ ወርቁ እምቢ ሲለው ዓሣ ያጠምዳል። ዘንጉ ከጫካ የቆረጠው ሽመል ነው። ክሩ ናይለን፣ ማጥመጃ ምግቡ የገንፎ ድብልብል ነው። «ወንድሜ፣ ዓሣው ሞልቷል። የሚከዳኝ መንጠቆው ነው» አለኝና ከኪሱ አንድ መንጠቆ አውጥቶ አሳየኝ። እንደ ስፒል ቀጥ ብሏል! በቀደመው ሳምንት አንድ ትልቅ ዓሣ ይዞ እየጎተተ ሳለ መንጠቆው ተቃንቶ ወጣበት። ያ ዓሣ ለእናቱና ለአራት ታናናሾቹ እራት ነበር፤ ግማሹም ገበያ ይወጣ ነበር። ጓደኞቹ «መንጠቆህን ጣልና መረብ ግዛ» ይሉታል። እሱ ግን ልቡ አልቆረጠም። «አንተ ምን ትላለህ?» ሲለኝ፣ መጀመሪያ የዓሣውን አፍ እንይ አልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ፈረንጆች ካርፕ ለሚሉት ዓሣ ብቻ የሚሆን መንጠቆ በዓይነት በዓይነቱ ይሠራሉ። ካርፕ እኛም አገር አለ፤ በጣሊያን ዘመን ግድም አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ የተለቀቀ መጤ ነው፤ ዛሬ ዝዋይም ይጠመዳል። በአባይና በገባሮቹ ያለው ግን የካርፕ የሥጋ ዘመድ ነው። የባሕር ዳር ሰው «ነጭ ዓሣ» ይለዋል፣ አዋቂዎቹ ደግሞ ላቢዮባርበስ። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ አፋቸው ይመሳሰላል። መንጠቆ የሚመረጠው ደግሞ በአፍ ነው!

የነጭ ዓሣን አፍ ብትከፍቱ መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ አታገኙም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ከንፈሩ ወደፊት እየተዘረጋ ምግቡን ከወንዙ ወለል ይመጠዋል እንጂ አይነክሰውም። ያልጣመውን ደግሞ በዚያው ፍጥነት ይተፋዋል። እንግዲህ መንጠቋችሁ ሥራውን መሥራት ያለበት በመምጠጥና በመትፋት መካከል ባለችው ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ዞር ብሎ የታችኛውን ከንፈር ካልያዘ፣ ዓሣው መሄዱን እንኳ ሳታውቁ ይሄዳል። ታዲያ ምን ዓይነት ልግዛ?

አንደኛ፣ ቅርጹ። ለጀማሪ የሚበጀው አገዳው አጠር፣ አፉ ሰፋ ያለው ነው። ማጥመጃ ምግቡ አፉን ካልደፈነው በቀላሉ ይይዛል። አገዳው ረዥምና ጎበጥ ያለው አፍ ውስጥ ፈጥኖ ይዞራል፤ ሆኖም ዓሣው ሲታገል ከንፈሩን ሊቀደው ይችላል። በጣም የታጠፈውን ዓይነትማ እንግሊዝ አገር ብዙ ባለ ኩሬዎች ለዓሣው አዝነው ከልክለውታል።

ሁለተኛ፣ ጫፉ። ቀጥ ያለ ጫፍ ቶሎ ይወጋል፤ ድንጋይ ሲነካው ግን ወዲያው ይደንዛል። ጫፉ ወደ ውስጥ ቆልመም ያለው ድንጋይን ይቋቋማል። የመንጌ ወንዝ ወለሉ ያው ወርቅ የሚታጠብበት ጠጠር ነው፤ ስለዚህ ቆልመም ያለውን ያዙ። ስለቱን ለመፈተን ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት። ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ከነከሰ ደህና ነው።

ሦስተኛ፣ የሽቦው ውፍረት። የዚያን ልጅ እራት የበላው ይሄ ነው። ቀጭን ሽቦ ቶሎ ይወጋል፤ የሚሆነው ግን ክር እየለቀቀ ዓሣውን የሚያደክም ማሽን ላለው ዘንግ ነው። የሽመል ዘንግ ማሽን የለውም። ዓሣው ሲጎትት፣ ወንዙም ሲገፋ ኃይሉ ሁሉ መንጠቆው ላይ ያርፋል። ስለዚህ በሽመል ለሚያጠምድ ሰው ወፍራም ሽቦ ነው መፍትሔው።

አራተኛ፣ ቁጥሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው ያንሳል! 12 ቁጥር ትንሽ ነው፣ 4 ቁጥር ትልቅ ነው። ከ1 ቁጥር ወዲያ ግን 1/0፣ 2/0 እያለ መጠኑ እንደገና ያድጋል። ለአንድ የተቀቀለ የበቆሎ ፍሬ 8 ቁጥር፣ ለገንፎ ድብልብል 6 ወይም 4 ቁጥር ይበቃል።

አንድ ብልሃት ልጨምርላችሁ። በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ እንግሊዞች ለካርፕ አዲስ ዘዴ አመጡ። ማጥመጃ ምግቡ መንጠቆው ላይ አይሰካም፤ ከመንጠቆው ሥር በአጭር ቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ዓሣው ምግቡን ሲመጥ ባዶው መንጠቆ ተከትሎ ይገባል፤ ሊተፋ ሲል ጫፉ ከንፈሩን ያገኘዋል። ዘዴው በፈረንጅኛ «ፀጉር» የሚል ስም አለው፤ በመጀመሪያ የታሰረው በሰው ፀጉር ስለነበረ ነው። በመርፌ የተበሳ የበቆሎ ፍሬና አንዲት ቀጭን ክር ካላችሁ መንጌም ላይ ይሠራል። ልጁን ሳሳየው ሳቀብኝ። ከዚያ ዝም ብሎ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አሰረው።

ለአምባዛ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አምባዛ አፉ ሰፊ ነው፣ ያገኘውን ይውጣል። ለሱ ጫፉ ወደ አገዳው የዞረ ክብ መንጠቆ አለ። ይህን ስትይዙ ዘንጉን ነጠቅ ማድረግ የለም! ዓሣው ራሱ እየዋኘ ሲሄድ ክሩን ቀስ ብላችሁ ወጥሩት፤ መንጠቆው ከአፉ ጥግ ላይ ይይዘዋል። ያኔ አንጀት ውስጥ የተዋጠ መንጠቆ ለማውጣት ዓሣውን መቦጫጨቅ አይኖርም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። መረብ ወይስ መንጠቆ? ጥሩ መንጠቆ ይመርጣል። 4 ቁጥር የያዘ ሰው ጣት የምታህል ጫጩት ዓሣ አይዝም፤ ብትያዝበትም በሕይወቷ ይመልሳታል። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ግን እናትና ልጅ አይለይም። ጣና ላይ የሆነውን ስሙ። ከነጭ ዓሣ ወገን ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው ወንዙ አፍ ላይ ነው። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት፣ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በክብደት ሲለካ ወደ ሦስት አራተኛ ግድም ቀንሶ ተገኝቷል። 10 ዓመት ብቻ!

ዛሬ ደግሞ አባይ ራሱ ተለውጧል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከግድቡ ኋላ የተኛው ውኃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የመያዝ አቅም አለው። በዚህ ክልል ለሚኖር ወጣት ይሄ ትልቅ እንጀራ ነው። ግን ወንዝ ለምዶ የኖረ ዓሣ ለመራባት አሁንም የሚፈልገው ወራጅ ውኃ ነው፤ ስለዚህ ገባሮቹን በመረብ የዘጋ ሰው የነገውን እንጀራ ይዘጋል። ለልጁም የነገርኩት ይህንኑ ነው። «መረብ ዛሬ ብዙ ያመጣል፣ ውሸት አልነግርህም። ግን ያ ያመለጠህ ዓሣ ያመለጠህ መረብ ስለሌለህ አይደለም፤ ሽቦው ስለቀጠነ ነው» አልኩት። ወፍራም ሽቦ ያላቸውን ለይቼ ሰጠሁት። መረቡን ይግዛ አይግዛ አልቆረጠም፤ የእናቱም ቃል አለበት። በማግስቱ ጠዋት ግን በ6 ቁጥር አንድ ደህና ነጭ ዓሣ አውጥቶ ወደ ቤቱ ሲሮጥ አይቻለሁ።

እናንተም ለመሄድ ካሰባችሁ ምክሬ አጭር ነው። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጠራ፣ ከኅዳር ወዲህ ሂዱ። ስለ ጸጥታው አሶሳ ላይ ጠይቁ፤ ከአካባቢው አስተዳደርም ፈቃድ አግኙ። በአባይና በትልልቆቹ ገባሮች አዞና ጉማሬ አለ፤ የአገሩ ሰው ካላሳያችሁ ውኃ ዳር አትቁሙ። ወባ ስላለ አጎበር ያዙ። መንጠቋችሁን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሻንጣችሁ ውስጥ አስገቡት እንጂ በእጅ ቦርሳ ይዛችሁ አውሮፕላን ላይ አትውጡ። ስትገዙ ደግሞ 10 ያህል ወፍራሞች ጨምሩ። ወንዝ ለሚያወርዳችሁ ሰው ከገንዘቡ ጋር እነሱንም ብትሰጡት፣ እናንተ ከተመለሳችሁ በኋላም እራት ያበላሉ።