ሲቆሙበት ብቻ የሚታይ

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው በጣም የሚጠላው ባግ እሱ ኮምፒውተር ላይ አልታይ የሚለውን ነው። ስትሞክረው ይሠራል፣ ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ሎጉ ላይ ምንም የለም። ከዚያ አሥር ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባበት ሲስተሙ ዝርግፍ ይላል። ሎድ ቴስት የምናደርገውም ለዚሁ ነው። ይህንን ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የሰው እግርም እንደዚያው መሆኑን ያወቅኩት ግን ባለፈው ክረምት፣ በገዛ ግራ እግሬ ነው።

መብራት ጠፍቶ ነበር። ከኮንዶሚኒየማችን ስወርድ ጠርዙ የፈረሰ አንድ ደረጃ ከእግሬ ሥር ከዳኝ፤ ጣቶቼ ወደ ታች እንደተቀሰሩ የሰውነቴ ክብደት በሙሉ ከላይ አረፈባቸው። ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በማግስቱ የሄድኩበት ክሊኒክ አልጋ ላይ አስተኝተው ራጅ አነሱኝ። ፊልሙን መብራት ላይ አድርገው አዩና «ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው» አሉኝ። የህመም ክኒንና ፋሻ ይዤ ወጣሁ። ካልሲዬን አውልቆ ውስጥ እግሬን ያየ ሰው አልነበረም።

እዚህ ጋ ስለ እግር አሠራር ትንሽ ላውራ፤ እኔን በጣም ስለገረመኝ ነው። ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ብቻ 26 አጥንት አለው። መሃል እግር ላይ፣ የጫማ ክር በሚታሰርበት አካባቢ፣ አጥንቶቹ እንደ ድንጋይ ድልድይ ቅስት ሠርተው ተደርድረዋል። የሁለተኛው ጣት ረጅም አጥንት ሥሩ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይሰካል፤ ድልድዩን የሚይዘው መሃለኛው ድንጋይ እሱ ነው። ሁሉም አጥንት ከጎረቤቱ ጋር በጅማት ሲተሳሰር፣ የአውራ ጣትና የሁለተኛው ጣት ረጅም አጥንቶች ግን ሥራቸው ላይ እርስ በርስ የሚያያዙበት ጅማት የላቸውም። ሁለተኛውን ወደ ውስጥ ጎትቶ የሚይዘው ከአውራ ጣት ጀርባ ካለው አጥንት በሰያፍ የሚመጣ አንድ ጠንካራ ጅማት ነው። ይህንን ዲዛይን ለግምገማ ቢያቀርቡልኝ «መጠባበቂያው የታለ?» ብዬ እመልሰው ነበር።

መገጣጠሚያው ሊስፍራንክ ይባላል። ዣክ ሊስፍራንክ በናፖሊዮን ዘመን የነበረ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ስሙን ያተረፈለት ግን ይህንን ጉዳት ማዳኑ አይደለም፤ በዚያ መገጣጠሚያ በኩል እግርን ቶሎ መቁረጡ ነው። ይህንን አልጋ ላይ ሆኜ ሳነብ አልሳቅኩም።

ችግሩ ጅማት ራጅ ላይ አይታይም። ራጅ አጥንት ነው የሚያሳየው። ጅማቱ ቢበጠስም፣ ተኝተህ ስትነሳ አጥንቶቹን የሚገፋ ነገር ስለሌለ ቦታቸው ላይ ቁጭ ይላሉ። ፎቶው ንጹሕ ይሆናል። ከአምስቱ አንዱ ያህል በመጀመሪያው ቀን እንደሚታለፍ በሕክምናው ጽሑፍ ተደጋግሞ የሚጠቀሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የዚያን ክሊኒክ ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልወቅስም። ካልሲው ግን እስካሁን ያናድደኛል።

አሥር ቀን ሆነኝ። እብጠቱ ትንሽ ጎደለ፣ መርገጥ ግን አልቻልኩም። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ ሊፍት የለም፤ ከቤት እየሠራሁ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ እውላለሁ። እማዬ በአሥራ አንደኛው ቀን ትዕግስቷ አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ሐኪም ራጅ አንስቶ ምንም የለም ካለ፣ የቀረው ወጌሻ ነው።»

ወጌሻ ነገር እኔ አልወድም፤ ምክንያትም አለኝ። ቀርከሃ ጠብቆ ታስሮበት፣ ደም ሳይደርሰው ጠቁሮ የተቆረጠ እግር የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ነገር ነው። ግን ከእማዬ ጋር መከራከር አይቻልም። ሽማግሌው በጎረቤት ልጅ ተጠርተው አራት ፎቅ ወጥተው መጡ። ቅቤው ቀልጦ ተቀምጧል። ካልሲዬን አስወለቁኝ፣ እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ገለበጡት፣ ውስጥ እግሬን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። መሃሉ ላይ ሳንቲም የሚያህል ሰማያዊ የበለዘ ነገር ነበር። እኔም ያኔ ነው ያየሁት።

«ልጄ፣ ይሄን እኔ አልነካውም» አሉ። «ወለምታ ደሙን በጎን ነው የሚያወጣው። ከሥር ከወጣ ውስጡ ተላቋል። ትልቁ ሐኪም ቤት ሂድ።»

እማዬ ገንዘብ ልትሰጣቸው ብትል «ምን ሠራሁና» ብለው እምቢ አሉ። ቡና ግን ጠጡ። በኋላ ሳነብ ያ ብልዝ በአጥንት ሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የታወቀ ምልክት ሆኖ አገኘሁት፤ ውስጥ እግር ከበለዘ ሊስፍራንክን ጠርጥር ይላል። ይህ ማለት እግራችሁን ለወጌሻ ስጡ ማለት አይደለም፤ የመጡት እኚህ ባይሆኑ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቤ ደንግጫለሁ።

የአጥንት ሐኪሟ የመጀመሪያውን ፊልም አዩና «ቆመህ ነው የተነሳኸው?» አሉኝ። አይ አልኳቸው። «በል ቁም።» ራጅ የሚያነሳው ልጅ ሁለቱንም እግሬን ሳጥን ላይ አስቆመኝና «እኩል ተጫናቸው» አለኝ። እኩል መጫን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የቆመው ብቻ ነው። ላቤ ፊቴ ላይ እየወረደ አምስት ሰኮንድ ቆየሁ።

ሎድ ቴስት ማለት ይሄ ነው።

ምስሉን በሲዲ ሰጡኝ፤ በ2 ሺህዎቹ የቀረሁ መሰለኝ። ቢሮ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ፈልጌ ከፈትኩት። ፋይሉ ዳይኮም ይባላል፤ ዓለም ላይ ያለ የራጅና የሲቲ ማሽን ሁሉ ማለት ይቻላል የሚግባባበት ፎርማት ነው። ፎቶ ብቻ አይደለም፤ ስምህን፣ የልደት ቀንህን፣ አንዷ ፒክስል ስንት ሚሊሜትር እንደሆነች ሁሉ ይዟል። ስለዚህ መለካት ይቻላል። (ፊልሙን በስልክ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ስትልኩ የሚጠፋው ይሄ ነው።) ቀኝ እግሬ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል። ግራው አራት። ሐኪሞች ከ2 በላይ ከሆነ ይጨነቃሉ። ተኝቼ የተነሳሁትና ቆሜ የተነሳሁት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ሰው እግር አይመስሉም።

ሲቲ ስካን ተጨመረ፣ የተሰነጣጠሩ ትንንሽ አጥንቶች ካሉ ለማየት። ወዲያው ግን ቀዶ አልተደረገልኝም። ያበጠ ቆዳ ከተቀደደ አልዘጋ ይላል፤ ስለዚህ ዶክተሯ በየሁለት ቀኑ እግሬን እያዩ ቆዳው እስኪሸበሸብ ጠበቁ። በዚያ መሃል እማዬ እቁቧን ተራዋ ሳይደርስ ለምና አወጣች። ለማን ተራ እንዳስለቀቀች አልነገረችኝም። ደመወዜ ገብቶ ልመልስላት ስል «ዝም በል» ብላኛለች፤ እንግዲህ በሆነ መንገድ እከፍላታለሁ።

ማደንዘዣው ከወገብ በታች ነበር። ነቅቼ ነው ያለፈው። ከመጋረጃው ወዲያ መሰርሰሪያው ሲጮህ ይሰማኛል፣ ምንም አያመኝም፣ ግን አልጋው ይርገበገባል። ሲ-አርም የሚሉት ቅስት የመሰለ የራጅ ማሽን ከእግሬ ላይ እየመጣ ይመለሳል፣ ስክሪኑ በጎን ይታየኛል። አንድ ቀጭን ሽቦ ገባ፤ «ትንሽ ዝቅ»፤ ወጣ፤ እንደገና ገባ። ከዚያ ብሎን። በጠቅላላው ሦስት። ክፍተቱ ሲዘጋ በዓይኔ አየሁት። በሕይወቴ ያየሁት ምርጥ ዲፕሎይመንት ነው፣ ሲያልቅ ማጨብጨብ አምሮኝ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ስምንት ሳምንት ሳልረግጥ፣ ደረጃ በቂጥ መውረድ፣ ብብት የሚያቆስል ክራንች።

አሁን ሰባት ወር ሆኖኛል። እሄዳለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ግን መጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች እንደ አያቴ ነው። እዚያ መገጣጠሚያ ላይ ከዓመታት በኋላ የአጥንት ብግነት ሊመጣ እንደሚችል ዶክተሯ አልሸሸጉኝም። የቀረው የብሎኖቹ ጉዳይ ነው። መገጣጠሚያው በትንሹም ቢሆን ስለሚንቀሳቀስ፣ ብሎን በጊዜ ብዛት ተሰላችቶ ሊሰበር ይችላል፤ ኢንጂነሪንግ ያጠና ሰው ሽቦ እያጣመመ ሲሰብር ያየው ነገር ነው። አንዳንድ ሐኪም ያወጣዋል፣ አንዳንዱ ካላስቸገረ ተወው ይላል። ዶክተሯ ምርጫውን ለእኔ ተዉልኝ፣ እስከ ሚያዝያ አስብበት ብለው።

እማዬ አብራኝ ገብታ ነበር። ሁሉንም ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ ልንወጣ ስንል በር ላይ ዞር አለች።

«ዶክተር፣ ካወጡት ብሎኑን ይሰጡናል?»