ብርቅዬዎቹ

ኅዳር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኮሶዬ

ውርጩ ገብቷል። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ሌሊቱ ነው። እኅቴ እታለም በፀሐይ የምትሞላዋን አምፖል ምሰሶው ላይ ሰቅላ ባቄላ ትለቅማለች፤ እኔ ጓዳ ገብቼ የአባታችንን ማሾ ጎትቼ አወጣሁ። ጡረታ ወጥቼ አገሬ ከገባሁ ወዲህ አሮጌ ዕቃ መጎርጎር አመል ሆኖብኛል። ናሱ ጠቁሯል፤ መስታወቱ በአንድ በኩል ተሰንጥቋል፤ ፓምፑ ግን ዛሬም አየር ይገፋል። የሌለችው እሳቱ የሚያርፍባት ትንሿ የጨርቅ ከረጢት ናት።

በልጅነቴ ያችን ከረጢት በጣቴ ነክቼ ተገርፌባታለሁ። መጀመሪያ ስትለኮስ ጨርቁ ነድዶ ያልቅና ቅርጿን እንደያዘች አመድ ሆና ትቀራለች። ቤቱን ሁሉ የሚያበራው ያ አመድ ነው፤ ጣት ካረፈበት ፍርስ ይላል። አባታችን ሌላ ለማምጣት ጎንደር ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ ነበረበትና ስለ አለንጋው አልፈርድበትም።

አመዱ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጨርቁ ገና ሲሠራ በሁለት ዓይነት ጨው ውሃ ይነከራል። ልኩን ያገኘው ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባህ ነው፤ በ1891 እ.ኤ.አ.። ከመቶ 99 እጁ የቶሪየም ኦክሳይድ፣ 1 እጁ የሴሪየም ኦክሳይድ። ቶሪየሙ ብቻውን ቢግል ብርሃኑ ፈዛዛ ነው። ዓይን የሚወጋው ያችን አንድ እጅ ሴሪየም ሲያገኝ ነው፤ ሴሪየሙን ካበዙበት ደግሞ መልሶ ይደበዝዛል።

ይህን ለእታለም ሳወራላት ከባቄላዋ ቀና ሳትል፣ "ወጥና ጨው በለኝ! ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኸው?" አለችኝ።

ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ያልታጨደ ገብስ ውስጥ ሰፍረዋል። ሁለት መቶ ሳይሞሉ አይቀሩም። ወንጭፍ የያዘው የጎረቤቴ ልጅ ጮሆ ጮሆ ድምፁ ሰልሏል። ከመንገዱ ዳር የጎብኚዎች መኪና ቆሞ አስጎብኚው ስለ ብርቅዬው እንስሳ ያስረዳል። የማሳው ባለቤት ይህን ሰምቶ፣ "ይህ ሁሉ መንጋ ብርቅዬ ከተባለ እኔ ብቻዬን የቆምኩት ምን ልባል ነው?" አለ።

ቀኑን ሙሉ ሲያስቀኝ ዋለ። ሴሪየምም ከነዘመዶቹ እንዲሁ ነውና። 17 ሆነው "ብርቅዬ ማዕድናት" ይባላሉ፤ ሴሪየም ግን በምድር ቅርፊት ውስጥ ከመዳብ የማይተናነስ አለ። ስሙን ያተረፈላቸው መመሳሰላቸው ነው። አንዱ ካለበት ሌሎቹም አሉ፤ አንዱን ከሌላው መለየት ኬሚስቶችን ከመቶ ዓመት በላይ አድክሟል።

ከሁሉ የማደንቃት ግን ስዊድን ውስጥ፣ ስቶክሆልም አጠገብ ያለችውን ኢተርቢ የምትባል መንደር ነው። በ1787 እ.ኤ.አ. አንድ የጦር መኮንን ከድንጋይ ማውጫዋ ጥቁር ድንጋይ አገኘ፤ በ1794 ዮሐን ጋዶሊን መረመራት። ከዚያ በኋላ በዚህች መንደር ስም የተጠሩት ንጥረ ነገሮች አራት ናቸው፦ ኢትሪየም፣ ቴርቢየም፣ ኤርቢየም፣ ኢተርቢየም። ለአንዲት መንደር አራት! የእኛ ኮሶዬ ስሟን ከዛፍ ተበድራ ትኖራለች።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ባለ ወንጭፉ ልጅ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ አረንጓዴ ሌዘር ገዝቶ መጥቷል፤ እስክሪብቶ የምታክል። ሲመሽ ጭላዳዎቹ ወደሚያድሩበት ገደል ያበራባቸዋል። የሰውም የእንስሳም ዓይን ታጠፋለችና ቀማሁት። "ጋሼ፣ ሁለት ባትሪ ብቻ ይዛ እንዴት ያን ያህል ትሄዳለች?" አለኝ። ጥያቄው ከቅጣት አዳነው።

በእንዲህ ያሉት አብዛኞቹ ሌዘሮች ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ 808 ናኖ ሜትር ነው። ኒዮዲሚየም ያለበት ክሪስታል ያን ተቀብሎ 1064 አድርጎ ይለቀዋል፤ ይህም አይታይም። ሌላ ክሪስታል የሞገዱን ርዝመት ለሁለት ሲከፍለው ነው 532 ሆኖ አረንጓዴው የሚወጣው። ኒዮዲሚየምን መስታወት ውስጥ ጨምሮ ሌዘር ያደረገው አሜሪካዊው ኤልያስ ስኒትዘር ነው፣ በ1961 እ.ኤ.አ.። "ነገ በቀን እመልስልሃለሁ" አልኩት። "በቀንማ ምን ታምራለች!" አለ።

ኅዳር 19

ከትናንት ጀምሮ ኢንተርኔት የለም። ጠዋት ምክንያቱ ታወቀ፤ ከአስፋልቱ ዳር ለቤት መሠረት ሲቆፈር የፋይበሩ ገመድ ተበጥሷል። ሊቀጥሉ ከመጡት አንዱ የእታለም የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ቁርሱን ይዤለት ወረድኩ።

የኮሶዬ ነፋስ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። ልጁ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ጋቢዎን ያውሱኝ" አለኝና በሁለት እንጨት ወጥሮ ከለላ ሠራበት። የመስታወቱን ክር ከልባሱ ያወጣል፤ በአልኮል ይወለውላል፤ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ሁለቱን ጫፎች ትንሿ ማሽን ውስጥ አጋጥሞ ቁልፍ ሲጫን በብልጭታ ይበየዳሉ። ክሩ ከራስ ፀጉር ብዙም አይወፍርም፤ ብርሃኑ የሚሄድበት መካከሉ ደግሞ የዚያን ውፍረት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። አቧራ ካረፈበት ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ስድስት ጊዜ ሲደግም ቆጥሬያለሁ፤ አንድ ጊዜም አልተማረረም። እኔ ብሆን ክሩን ገደል እሰደው ነበር።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳሰላ ዋልኩ። የተለመደው ጥሩ ፋይበር እንኳ በየ15 ኪሎ ሜትሩ የብርሃኑን ግማሽ ይበላል። ከጎንደር የተነሣው እኛ ዘንድ ሲደርስ ሩቡ ቀርቷል ማለት ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያለ ረዳት ቢለቀቅ ከመቶ ትሪሊዮን የብርሃን ቅንጣት የሚደርሰው አንድ ነው። የድሮው መላ በየመንገዱ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ፣ አጠንክሮ፣ እንደገና ብርሃን ማድረግ ነበር፤ ያውም ለእያንዳንዱ የብርሃን ቀለም የየራሱ መሣሪያ እየተተከለ። በ1987 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የእነ ዴቪድ ፔይን ቡድን፣ አሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ደግሞ ኢማኑኤል ዴሱርቪር፣ ትንሽ ኤርቢየም ያለበት ፋይበር ይህን ድካም እንደሚያስቀር አሳዩ።

ማታ ልጁ እኛ ዘንድ አደረ። እታለም ጠላ ቀዳችለት። "ጋሼ፣ ማጉያዋን ሣጥን እኮ ዘወትር አያታለሁ፤ ውስጧን ግን ማንም አላስረዳኝም" አለ። ጥቂት ሜትር ክር ተጠቅልላ የተቀመጠችባት ናት አልኩት። ከሚሊዮን የመስታወቱ ክፍል ጥቂት መቶው ኤርቢየም ነው። 980 ናኖ ሜትር የሆነ ሌዘር ኤርቢየሙን ጉልበት ይሞላዋል፤ የፊዚክስ ሰዎች ፓምፕ ማድረግ ይሉታል፤ ማሾውንም ፓምፕ ነው የምናደርገው። ኤርቢየም የተሞላውን ወዲያው አይለቅም፤ አንድ መቶኛ ሰከንድ ያህል ይዞ ይቆያል። ይህ ለአቶም ረጅም ዕድሜ ነው። በዚህ መሃል የደከመው መልእክት በአጠገቡ ሲያልፍ በመልእክቱ ቀለም፣ በአቅጣጫውና በምቱ የራሱን ብርሃን ይለቅለታል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ሺህ እጥፍ ይደርሳል።

እታለም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች፣ "እልልታ ነዋ!" አለች። "ሠርግ ላይ አንዷ ስትጀምር ትንፋሿን ይዛ የጠበቀችው ሁሉ ትከተላታለች።" በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ምሳሌ አላገኘሁም። ይህንንም ነገርኳት፤ "አልጠየቅኸኝማ" አለች።

ልጁ ጋቢዬን አራግፎ መለሰልኝ። ለብሼው ቀጠልኩ። የኤርቢየምን ብርሃን የሚሰጡት ኤሌክትሮኖች እንዲሁ ጋቢ ለባሾች ናቸው፤ ከላያቸው ሌሎች ኤሌክትሮኖች ስለሸፈኗቸው የመስታወቱ ግርግር ብዙም አይደርስባቸውም። ስለዚህ ከየትኛውም መስታወት ቢገቡ ቀለማቸው ያው ሊባል ይችላል። በክሪስታል ውስጥ ግን አቶሞች እንደ ሰልፈኛ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቦታ ስለሚይዝ የሚለቁት ቀለም ጠባብ ነው። መስታወት ገበያ ነው፤ እያንዳንዱ የተቀመጠበት ቦታ ትንሽ ትንሽ ይለያል፤ ብርሃናቸውም ሰፋ ይላል። አንዲት ክር በደርዘን የሚቆጠሩ ቀለሞችን በአንድ ጊዜ የምታጎላው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ኤርቢየም የሚሰጠው 1550 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ነው፤ መስታወቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠራው እዚያው ላይ ነው። ይህን ሰው አላቀደውም።

"ታዲያ ለምን ብዙ አይጨምሩበትም?" አለ ልጁ። ሲበዛ በአንድ ቦታ ይሰበሰብና ጉልበቱን እርስ በርሱ ተቀባብሎ ይጨርሰዋል፤ ለመልእክቱ የሚተርፍ የለም። እታለም ወደ እኔ ዞራ፣ "ጨው አላልኩህም?" አለች።

ኅዳር 20

ረፋድ ላይ መስመሩ ተመለሰ። ሲያትል ያለችው የእታለም ልጅ በምስል ደወለች። ድምፁ በመሬት እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነው የሚጓዘው፤ በውቅያኖሱ ወለል ላይም ያው ኤርቢየም ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። እታለም ይህን ለልጇ ለማስረዳት ሞክራ ነበር። ልጅቱ የገብሱን ዋጋ ጠየቀቻት።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ጎንደር ወርጄ የማሾ ከረጢት ፍለጋ ቅዳሜ ገበያን አዳረስኩ። አራተኛው ሱቅ አንድ ፓኬት ከመደርደሪያ ጥግ አቧራውን አራግፎ ሰጠኝ። ቶሪየም ጨረር ስላለው ብዙ አምራቾች በኢትሪየም ተክተውታል፤ የኢተርቢ መንደር እዚህም ደረሰች ማለት ነው። ፓኬቱ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ስለዚህ መጀመሪያ ያቀጣጠልኳት ደጅ አውጥቼ፣ ነፋሱን በጀርባዬ አድርጌ ነው። አሮጌ ከረጢት የሚያፈርስ ሁሉ አመዱን እፍ አይበል፤ ልጅም አያስነካ።

ማታ ማሾው እንደ ጥንቱ እየተነፈሰ በራ። እታለም ባትሪዋን ለመቆጠብ አምፖሏን አጠፋች፤ ጠጋ ብላ እንድታያት ጠራኋት። ስትጠፋ ቢጫ ናት። ከውስጥ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ በላዩ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ከፊሉን ተቀብሎ ቢጫ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ለዓይን ነጭ ይመስላሉ። ማሾው በግለት ነው የሚያበራው፤ አምፖሏ ሳትግል። ዱቄቱን ቢጫ ያደረገው ግን ያው ሴሪየም ነው፤ በአባታችን ማሾ ውስጥ የነበረችው ቁንጣሪ።

የገዛሁት ነጭ ጋዝ ለሁለት ማታ ይበቃል።