ስፒከር ሳሟሽ ጋራንቲዬ አለቀ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አዲስ ስፒከር ይሟሻል እንዴ? ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል። ጀበናም ይሟሻል። ዘፋኝም መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ድምፁን ያሟሻል። ስፒከር ግን? አትሳቁብኝ! እኔ የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት የእቁብ ብሬን ከስክሼ ነው።

የምኖረው ዲላ ነው። አምና የቡና ለቀማው እንዳበቃ እቁብ ደረሰኝ። ብሩ ይርጋጨፌ ላለው የእናቴ ቤት ቆርቆሮ መግዣ ነበር። እኔ ሆዬ ጥንድ ስፒከርና አምፕሊፋየር ገዛሁበት። ለእናቴ ደግሞ «እቁቡ ገና አልወጣልኝም» አልኳት። ዋሸሁ፤ ምን ይደረግ!

ቤት ወስጄ ስከፍተው የግራው ስፒከር ቤዝ በመጣ ቁጥር «ኽርር» ይላል። ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ ሳቅ ብሎ «ወንድሜ፣ አዲስ እኮ ነው! መቶ ሰዓት አጫውተው፣ ይለቃል። አምፕሊፋየሩም ገመዱም እንደዚያው ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት። ለምን አላምነው? የጌዴኦ ምድር ሰው ጊዜ የማይፈልግ ነገር መች ያውቃል? እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ካልከረመ ቆጮ አይሆንም። የታጠበ ቡናም አልጋ ላይ ስንት ቀን እየተገላበጠ ነው የሚደርቀው። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ራሱ፣ ዛፉ ከላይ፣ እንሰቱና ቡናው ከሥር ሆኖ፣ የትውልዶች ትዕግሥት ውጤት ነው። ታዲያ ለስፒከር መቶ ሰዓት ምን አላት?

ማሟሸት ጀመርኩ። ጎረቤቴ አራስ ነበረች። በአራተኛው ቀን ማታ እናቷ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

«የለም እማማ፣ እያሟሸሁ ነው።»

ቤቱን በዓይናቸው ቃኙና «ምጣዱ የታል?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ብቻ ሆነ። መብራትም ይጠፋል። መቶዋ ሰዓት ሦስት ሳምንት ፈጀች። ጋራንቲው ደግሞ የ15 ቀን ነበር። ገባችሁ?

«ኽርር» ማለቱን ግን አልተወም። በመጨረሻ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን አንድ ወዳጄን ጠራሁት። መጀመሪያ የግራና የቀኙን ገመድ አቀያየረ። ድምፁ እዚያው ሳጥን ውስጥ ቀረ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ አይደለም። ቀጥሎ ስፒከሩን ፈታና ወረቀቱን በጣቶቹ ዙሪያውን እኩል ቀስ አድርጎ ጫን አደረገው። ኮይሉ ማግኔቱን ሲፍቀው በጆሮዬ ሰማሁ። «ይኼ ከመጀመሪያውም ተጣሞ የመጣ ነው። በመቶ ሰዓት አይደለም በመቶ ዓመትም አይሟሽም!» አለኝ።

ሻጩ ሙሉ በሙሉ ዋሽቷል እንዳልል ግን ነገሩ እውነት አለበት። ወረቀቱን ዙሪያውን የያዘው ጎማና ከኋላው ያለው የተጣጠፈ ጨርቅ አዲስ ሲሆኑ ጠንከር ይላሉ። ሲንቀሳቀሱ ትንሽ ይለሰልሳሉ፤ ስፒከሩ በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽም ዝቅ ይላል። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በፈረንጆች 1961፣ ከእሱም በኋላ ሪቻርድ ስሞል ባወጡት ስሌት ይኼ ይለካል። ለውጡ ግን አብዛኛው የሚመጣው መጀመሪያ ላይ፣ ቶሎ ነው። በዝግ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ደግሞ የታፈነው አየር ራሱ እንደ ሞላ ስለሚገፋ ልዩነቱ ይሸፈናል፤ በጆሮ መለየት ይከብዳል። ገመድ ምኑ ይለሰልሳል? ትራንዚስተር አምፕሊፋየርስ? እነሱን ማሟሸት ቀልድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚሟሸው የራሳችን ጆሮ ነው። አዲስ ድምፅ መጀመሪያ ይጎረብጣል፤ ከሳምንት በኋላ «አቤት ሲያምር!» እንላለን። ካላመናችሁ ጥንድ ስትገዙ አንዱን ብቻ አጫውቱና ሌላውን አሳርፉት። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ጓደኛችሁ እያቀያየረ፣ እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ገምቱ። እኔ በወዳጄ ስፒከሮች ሞክሬው መለየት አልቻልኩም።

የሚንኮሻኮሽ፣ የሚፋቅ፣ የሚቆራረጥ ዕቃ ከሆነ ግን በነጋታው መልሱት። እንዲያውም እዚያው ሱቁ ውስጥ ቤዝ ያለው ዘፈን አስከፍቱና ስሙት። «ይለቃል» ካላችሁ የጋራንቲውን ቀን በጽሑፍ አስረዝሙት።

እኔ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስሄድ ሻጩ ደረሰኙን አየና «ጊዜው አልፏል፣ ወንድሜ» አለኝ። መቶ ሰዓቱን ያዘዘው እሱ መሆኑን ባስታውሰውም ትከሻውን ነቀነቀ። ወዳጄ በአሮጌ ኮይል ጠግኖልኝ ደህና ይጫወታል።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር እናቴ ለሕክምና ዲላ መጣች። ሁለቱን ጥቁር ሳጥኖች ትክ ብላ አየቻቸው።

«ያልወጣው እቁብ ይኼ ነው?» አለችኝ።

አምፕሊፋየሩን በማግስቱ ሸጥኩት። የተገኘው ብር ለግማሹ ጣሪያ በቃ፤ ግማሹን ላስቲክ አልብሰነዋል።